ግሸን እና ሶንጎ፦ ሥልጣን የሚለቀቀው ሲሞቱ ነው ወይስ ተራው ሲደርስ?

በየካቲት 1920 ዓ.ም. የሲዳሞው ገዢ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ፣ ከአዲስ አበባ ጥሪ ደረሳቸው። የዓድዋው ጀግና በሺህዎች የሚቆጠር ጦር አስከትለው መጡና ከከተማዋ ዳር ሰፈሩ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን በቤተ መንግሥት ግብር ጋበዟቸው። ባልቻ ጠባቂዎቻቸውን ይዘው ገቡ፤ ተበላ፣ ተጠጣ። በዚያው ሰዓት ራስ ካሣ ኃይሉ ከሰፈረው ጦር ጋር እየተነጋገሩ ነበር። ወታደሩ ገንዘቡን እየተቀበለ ተበተነ። ባልቻ ከግብሩ ሲመለሱ የጠበቃቸው ባዶ ሜዳ ነው። ግዛታቸውም ለደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ተሰጥቷል።

ይህ ታሪክ ሲተረክ ብዙ ጊዜ የሚደነቀው የተፈሪ ብልሃት ነው። የሚረሳው የቁማሩ መደብ ነው። ሲዳሞ ማለት በዚያ ዘመን ቡና ማለት ነበር። ከዋናዎቹ የቡና ምድሮች አንዱ ደግሞ ያኔ “ደራሳ” ይባል የነበረው፣ ዛሬ የጌዴኦ ዞን የሆነው፣ ከዲላ እስከ ይርጋጨፌና ኮቸሬ የተዘረጋው ኮረብታማ አገር ነው። የዚያ አገር ገበሬ በአዲስ አበባው ግብር ላይ አልተጋበዘም። ጠቡም የእሱ አልነበረም። ጠቡ “ምኒልክን ማን ይውረስ” የሚለው ጥያቄ ትራፊ ነበር።

ምኒልክ ወንድ ልጅ ሳይተኩ አረፉ። የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ከሥልጣን ተሻሩ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን አልጋ ለማስመለስ ከወሎ ዘምተው በጥቅምት ወር ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ አንድ ቤተ መንግሥት ሁለት ልብ ሆነ፤ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱና የድሮው ሥርዓት ሰዎች በአንድ ወገን፣ አልጋ ወራሹ ተፈሪ በሌላ ወገን። ባልቻ የመጀመሪያው ወገን ምሰሶ ነበሩ። ስለዚህ የባልቻ መውደቅ ማለት የዘውዲቱ አንድ እግር መቆረጥ ማለት ነው። ከሁለት ዓመት ጥቂት አልፎ፣ በመጋቢት 1922 ዓ.ም.፣ የዘውዲቱ ባል የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ተዋግተው ሞቱ፤ ንግሥቲቱም በሁለተኛው ቀን አረፉ። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ተፈሪ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ስለነዚህ ሰዎች ማን ትክክል ነበር፣ ማን ተንኮለኛ ነበር የሚለው ክርክር መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። የሚበልጠው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ይህን ያህል ረጅም ዕድሜ ያለው መንግሥት “ከእኔ ቀጥሎ ማን፣ መቼ” ለሚለው ጥያቄ ለምን ግልጽ መልስ አጣ? መልስ በመጥፋቱስ ሒሳቡን የከፈለው ማን ነው?

ተራራው

እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ የዛግዌን መንግሥት ጥለው ሰሎሞናዊውን ሥርወ መንግሥት ሲያቆሙ አንድ ጥያቄ ተመለሰ፤ ንጉሥ ከየትኛው ቤት ይመጣል? ከዳዊትና ከሰሎሞን ቤት። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ክፍቱን ቀረ፤ ከዚህ ቤት ልጆች የትኛው? የበኩር ልጅ ይውረስ የሚል የጠበቀ ሕግ አልነበረም። ንጉሥ ብዙ ሚስቶችና ብዙ ልጆች ነበሩት። እያንዳንዱ ልጅ በእናቱ በኩል ዘመድ፣ በዘመዱ በኩል ጦር ነበረው።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። የይኩኖ አምላክ ልጅ ያግብአ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1294 ሲሞቱ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ አምስት ነገሥታት ተፈራረቁ። ትውፊት እንደሚለው፣ ያግብአ ጽዮን ልጆቻቸው በየዓመቱ እየተቀያየሩ እንዲነግሡ ተናዘው ነበር፤ ሴራው ተራውን ቀደመው እንጂ። የግሸን አምባ የመሳፍንት ማጎሪያ የመሆኑ ታሪክም በዚሁ ትውፊት ይጀምራል። በወሎ አምባሰል ያለው፣ ዛሬ ምዕመናን በመስከረም 21 የሚወጡት ያ ባለ መስቀል ተራራ፣ ለረጅም ዘመን የንጉሥ ወንድሞች፣ የአጎት ልጆችና የልጅ ልጆች በዘበኛ ተከበው የሚኖሩበት ቦታ ነበር። ንጉሥ ሲሞት መኳንንቱ ከተራራው አንዱን ያወርዳሉ፤ የቀሩት እዚያው ይቀራሉ።

ዘዴው አንዳንዴ ሠርቷል። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1434 ከግሸን ወርደው ነግሠዋል፤ ከጠንካራዎቹ ነገሥታትም አንዱ ሆነዋል። ይሁን እንጂ እርሳቸው እስኪወርዱ ድረስ የሆነውን ማየት ያስፈልጋል። አባታቸው አፄ ዳዊት እ.ኤ.አ. በ1413 ከሞቱ በኋላ በነበሩት 21 ዓመታት ስድስት ነገሥታት አልፈዋል። አፄ ይስሐቅ ብቻቸውን 15 ዓመት ያህል ስለገዙ፣ ለአምስቱ የቀረው ጥቂት ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1494 አፄ እስክንድር ሲሞቱም አንዱ ወገን ሕፃን ልጃቸውን፣ ሌላው ወገን ወንድማቸውን ናዖድን ይዞ ተዋጋ። ሕፃኑ በወራት ውስጥ ሲሞት ናዖድ ነገሡ። ከዚያ በኋላ ግሸን በኢማም አህመድ ጦርነት ጊዜ ወደመ። በጎንደር ዘመን ልማዱ ወኅኒ በሚባል ሌላ አምባ ተመለሰ፤ እስር ቤት “ወኅኒ” የተባለውም ከዚያ ነው ይባላል።

ተራራው ጥያቄውን አልፈታውም፤ አሰረው እንጂ። የታሰረ ጥያቄ ደግሞ አይሞትም። ጠባቂው ሲዘናጋ ወይም ጌታው ሲያረጅ ይወርዳል።

የሌላው ዓለም ወንድማማቾች

ይህ የሐበሻ እርግማን አይደለም። በዚያው በመካከለኛው ዘመን፣ ከአውሮፓ ምዕራብ ጫፍ ባለችው አየርላንድ፣ ብዙ ትናንሽ ነገሥታት ነበሩ። እዚያም ዙፋን ከአባት ወደ በኩር ልጅ በቀጥታ አይተላለፍም ነበር። ለንግሥና ብቁ የሚባለው ሰው ክበብ ሰፊ ነው፤ ቅድመ አያቱ ነግሦ ከነበረ የእጩነት ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል። ስለዚህ አንድ ንጉሥ ሲሞት ልጅ፣ ወንድም፣ አጎትና የአጎት ልጅ አብረው ይነሳሉ። መጋደል የተለመደ ነበር። ካልተጋደሉም ተቀናቃኝን ዓይን ማጥፋት ነበር፤ አካሉ የጎደለ ሰው አይነግሥምና።

ከእነዚህ ቤቶች ኃያሉ ኢ ኔል የሚባለው ቤት ግን አንድ መላ አገኘ። ከስምንተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1002 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ከጥቂት ጊዜያት በስተቀር፣ የሰሜኑና የደቡቡ ቅርንጫፍ የበላይ ንግሥናውን በተራ ይዘውታል። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ስምምነት ነው፤ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በ1002 ግን ከደቡብ አየርላንድ ከሌላ ቤት የመጣው ብራያን ቦሩ የበላይነቱን ወሰደ፤ ተራውም ተሰበረ። ብራያን በ1014 ክሎንታርፍ ላይ ሲሞት ወደ ድሮው ሥርዓት በእርግጠኝነት የመለሰ አልተገኘም። ሁሉም ቤት “ለምን እኔ አይደለሁም” አለ።

መጨረሻው የታወቀ ነው። በ1166 የሌንስተሩ ንጉሥ ዲያርመት ማክሙራ በተቀናቃኞቹ ተባሮ ባሕር ተሻገረ፤ ከእንግሊዙ ንጉሥ ከዳግማዊ ሄንሪ ፈቃድ አግኝቶ የኖርማን ባላባቶችን ይዞ ተመለሰ። በ1171 ሄንሪ ራሱ ጦር ይዞ መጣ። የቤተሰብ ጠብ ለመጨረስ የተጠራው እንግዳ ለብዙ መቶ ዓመታት አልወጣም። ኢትዮጵያም ይህን በር አንድ ጊዜ ከፍታ አይታዋለች፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘልቅ መንገዱን ያመቻቹት ካሣ ምርጫ፣ በምላሹ ባገኙት መሣሪያ ተቀናቃኛቸውን አፄ ተክለ ጊዮርጊስን አሸንፈው ዮሐንስ አራተኛ ሆነዋል። የኢትዮጵያ ዕድል እንግሊዞቹ መመለሳቸው ነበር።

የአየርላንዱ ተራ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ተራው የሚከፈተው የያዘው ሰው ሲሞት ነው። መቼ እንደሚሞት የማይታወቅ ሰው ተራ ሲጠብቁ፣ ቀኑን የማፋጠን ፈተና ይመጣል።

ሶንጎው

ባልቻና ተፈሪ የተጣሉበት ያ የቡና አገር ለዚህ ጥያቄ የራሱ መልስ ነበረው። ጌዴኦዎች ሥርዓታቸውን ባሌ ይሉታል። ከገዳ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የሥልጣን ዘመን ስምንት ዓመት ነው። ትውልድ በእርከን ተደራጅቶ ያልፋል፤ ተራው የደረሰው ትውልድ ከነአባ ገዳው ኃላፊነቱን ይረከባል፤ የጨረሰው ያስረክባል። ጉዳይ የሚታየውና የሚወሰነው ሶንጎ በሚባለው ሸንጎ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ሀይቻዎች ማለትም ሽማግሌዎች ባሉበት ነው። ሰባቱ ጎሳዎች በሁለት ወገን የተከፈሉ ናቸው፤ አራቱ በአንድ፣ ሦስቱ በሌላ። ሁሉም የራሱ ቦታ አለው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ቀላል ነው። ሥልጣን የሚለካው በእስትንፋስ ሳይሆን በዓመት ነው። አባ ገዳው ሳይሞት ይወርዳል። ከወረደም በኋላ በአገሩ ይኖራል፤ ሽማግሌ ይሆናል፤ ከተተኪው ጋር በአንድ ሶንጎ ይቀመጣል። ተራራ ላይ የሚታሰር የለም፤ ምክንያቱም ቀጣዩን መፍራት አያስፈልግም። ቀጣዩም የያዘውን መግደል አያስፈልገውም፤ ቀኑ ይታወቃልና። ግሸን የተሠራችው ይህ የታወቀ ቀን በመጥፋቱ ነው።

በጌዴኦና በጉጂ አካባቢ የሚነገረው የአኮ ማኖዬ አፈ ታሪክም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ማኖዬ ወንዶችን ያስገበረች ገዢ ናት። “በሰማይና በምድር መካከል ቤት ሥሩልኝ” የመሰለ የማይቻል ትእዛዝ ታዛለች። መጨረሻዋ ቁርበት የተነጠፈበት ጉድጓድ ነው። ታሪኩ ስለ ሴት ገዢ የሚለው ነገር የወንዶቹ ወገን አነጋገር መሆኑ ግልጽ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር አብሮ ያስተምራል፤ የሚወርድበት ቀን የሌለው ገዢ ዞሮ ዞሮ ጉድጓድ ይቆፈርለታል።

ሁለቱ ሲገናኙ

በ1880ዎቹ የምኒልክ ጦር አገሩን ሲይዝ ሁለቱ የሥልጣን አስተሳሰቦች ተገናኙ። ገበሬው ለወታደሩ ገባር ሆኖ ተመደበ። በአገሬውና በሹሙ መካከል ባላባት ተሾመ፤ ይህም ቦታ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ሆነ። የአባ ገዳው ሥነ ሥርዓት ቀጠለ፤ ግብሩ፣ ዳኝነቱና መሬቱ ግን ወደ ሌላ እጅ ሄዱ። በስምንት ዓመት ይቆጠር የነበረው አገር፣ አሁን በቤተ መንግሥት ጤና መቆጠር ጀመረ።

የሹመቱ ሰንሰለት ራሱ ይናገራል። ከባልቻ የመጀመሪያ ግዛት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ ወጣቱ ተፈሪ የሲዳሞን ከፊል ያዙ፤ ባልቻ ወደ ሐረር ተዛወሩ። ምኒልክ ታመው እቴጌ ጣይቱ ሥልጣኑን ሲይዙ ተፈሪ የአባታቸውን ሐረርን አገኙ። ባልቻ ቆይተው ወደ ሲዳሞ ተመለሱ። በ1920 ባልቻ ተነሱ፤ ብሩ መጡ። ከዚያም ግዛቱ ለንጉሠ ነገሥቱ አማች ለራስ ደስታ ዳምጠው ተሰጠ። እያንዳንዱ ለውጥ በቤተ መንግሥት ውስጥ የአንድ ወገን መውጣት ወይም መውረድ ምልክት ነው። በጌዴኦ ኮረብታ ላይ ላለው ሰው ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። አዲስ ገዢ አዲስ ተከታይ ይዞ ይመጣል፤ ተከታዩ ማደሪያ ይፈልጋል፤ ማደሪያው ገባር ነው።

እዚህ ላይ “ሹም ሽርም እኮ መተካካት ነው” የሚል ሊኖር ይችላል። አይደለም። ሹም ሽር መፈራረቅ አለው፤ ተራ የለውም። ሹሙ መቼ እንደሚሻር አያውቅም፤ ስለዚህ ይቸኩላል። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለው ተረት ስለ ሆዳም ሰው ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ቀኑ የማይታወቅ ሥልጣን ምን እንደሚያደርግ የተነገረ ነው። ስምንት ዓመት እንደሚቆይና ከዚያ በኋላ በዚያው መንደር ከጎረቤቶቹ ጋር እንደሚኖር የሚያውቅ ሰው ሒሳቡ ይለያል። ዛሬ የወሰደውን ነገ ሶንጎ ላይ ይጠየቅበታል። ከአዲስ አበባ የመጣው ሹም ግን “ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ” በሚለው ጥላ ሥር ነበር።

ይህ ሸክም በአንድ ትውልድ አላለቀም። የገባር ሥርዓት ከጣሊያን ወረራ በኋላ በሕግ ቢቀርም ባለመሬቱና ጭሰኛው ቀሩ። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች ሚጭሌ ላይ ተነሱ፤ ጦር የያዘ ከጠመንጃ ጋር ገጠመ፤ ብዙ ሰው አለቀ። የመሬት ጥያቄው መልስ ያገኘው በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው፤ እሱም ከሌላ የዙፋን ውድቀት በኋላ።

ባሌን ማምለክ አያስፈልግም

ባሌን እንደ ገነት መሳል ስህተት ነው። የሥልጣን መሰላሉ የወንዶች ነበር። በደም፣ በጎሳና በዕድሜ የተሠራ ሥርዓት ስለሆነ እንግዳን የሚያስገባበት በር ጠባብ ነው። ከጎረቤት ጋር የሚነሳን ጠብም ብቻውን አያቆምም። ትውፊት ጌዴኦና ጉጂን የወንድማማቾቹ የዳራሶና የጉጆ ልጆች ያደርጋቸዋል፤ ቢሆንም በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሳው ግጭት በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለዋል። የታወቀ ቀን የውስጥን ሽኩቻ ይቀንሳል፤ የድንበርን፣ የመሬትን ጥበትና የዘመናዊ ፖለቲካን ችግር ሁሉ አይፈታም።

ደግሞም መቶ ሚሊዮን ያለፈ ሕዝብ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ሊተዳደር አይችልም። መወሰድ ያለበት ሥነ ሥርዓቱ ሳይሆን መርሁ ነው፤ መውጫው ከመግቢያው ጋር አብሮ ይታወቅ።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ በእንሰትና በቡና፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ የተደራረበው እርሻ በሰፊው ተወደሰ። ይገባዋል። ነገር ግን ያ ደን ለዘመናት የቆመው በራሱ አይደለም። ዛፍ የሚተከለው ለልጅ ልጅ ነው፤ ለልጅ ልጅ የሚያስብ ሰው ደግሞ ነገ ማን እንደሚመጣ ከመፍራት ያረፈ ሰው ነው።

የቀረው ሒሳብ

በ1920 በግብሩ ያሸነፉት ሰው ራሳቸው ከጥያቄው አላመለጡም። በ1966 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው፣ አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን በሕመም ውጭ አገር ሳሉ፣ የልጅ ልጃቸውን ዘርዐ ያዕቆብን ለወራሽነት ሰየሙ። ዘግይቶ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወረዱ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በግንቦት 1983 ከአገር ሸሹ። መለስ ዜናዊ በነሐሴ 2004 በሥልጣን ላይ ሳሉ አረፉ። ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በየካቲት 2010፣ በሕዝባዊ ተቃውሞ መካከል፣ “ለቀቅሁ” አሉ፤ ዛሬም በሕይወት፣ በአገራቸው አሉ። ይህ የመጨረሻው እንደ ትልቅ ዜና መታየቱ ራሱ የቀሪውን ታሪክ ይመሰክራል።

ዘውዱ ከሄደ 50 ዓመት አልፏል፤ ጥያቄው ግን አብሮት አልሄደም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ብዙ ሥልጣን የሌለው ፕሬዚዳንት ከሁለት ዘመን በላይ እንዳይመረጥ ተገድቧል፤ ሥልጣኑን በእጁ የያዘው ጠቅላይ ሚኒስትር ግን ስንት ጊዜ እንደሚመረጥ ገደብ የለበትም። ገደቡ የተቀመጠው ማንም በማይጣላበት ወንበር ላይ ነው።

ይህ የአንድ መሪ ወይም የአንድ ፓርቲ ጉዳይ አይደለም። ዛሬ ያለው ሰው ደግ ቢሆን እንኳ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ማንም ዋስ አይሆንለትም። ዲላ ዛሬ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ከስድስቱ የመንግሥት መቀመጫ ከተሞች አንዷ ናት፤ ሥልጣንን በቦታ ማከፋፈል ተጀምሯል ማለት ነው። በጊዜ ማከፋፈል ግን ገና ነው። ከዲላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ፣ በሶንጎ ዛፍ ሥር የሚቀመጥ አንድ ሽማግሌ ይህን ቃል በሕገ መንግሥት አልተማረም፤ ግን አባ ገዳው የሚወርድበትን ዓመት በጣቱ ቆጥሮ ይናገራል። አራት ኪሎን በተመለከተ ያን ቁጥር መናገር የሚችል ሰው እስኪኖር ድረስ፣ የቡና ገበሬው የማያውቀውን ጠብ ሒሳብ መክፈሉን ይቀጥላል።